የመሥሪያ ቤት ስሕተት የድሃ ዕዳ ሲሆን
ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለአገልጋይ ካህናት የቀረበ ንግግር



በዚህ ጉባኤ እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ስለ ምንጭ ማጎልበት፣ ስለ ችግኝ ጣቢያ ወይም ስለ እህል ክምችት አይደለም። በውጭ አገር፣ ከሁሉ ይልቅ በብሪታንያ የሚኖሩ ምእመናን የመንግሥት የማኅበራዊ ድጋፍ ክፍያ ሲቀበሉ ቆይተው፣ ከፋዩ መሥሪያ ቤት በገዛ ራሱ ስሕተት ትርፍ ከፍሏቸው ሲያበቃ «ገንዘቡን መልሱ» ሲላቸው ስለሚደርስባቸው ነገር ነው። ርእሱ ለአንዳንዶቻችን ሩቅ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በውጭ ባሉት አጥቢያዎቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይዘው ከቅዳሴ በኋላ ካህን ወይም ዲያቆን የሚጠብቁ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ደብዳቤውን የሚያነብላቸው ሰው ምን እንደሚላቸው ደግሞ የብዙ ወራት እንጀራቸውን ሊወስን ይችላል። በአገር ቤት ያለነውም ብንሆን እርዳታ የምናከፋፍል፣ መዝገብ የምንይዝ ሰዎች ነን። ስለዚህ በንግግሬ መጨረሻ ወደ ራሳችን መዝገብ እመለሳለሁ።

ነገሩን በምሳሌ ልጀምር። ምሳሌው የማንም የአንድ ሰው ታሪክ አይደለም፤ አሠራሩን ለማሳየት ያህል ያዘጋጀሁት ነው። በለንደን የምትኖር አንዲት እናት በጽዳት ሥራ ትተዳደራለች፤ ገቢዋ ስለማይበቃ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የተባለውን ወርኃዊ ድጋፍ ታገኛለች። ልጇ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ሥራ ይገባል። እርሷም በኢንተርኔቱ የመልእክት መዝገብ፣ «ጆርናል» በሚሉት፣ ይህንኑ ታስታውቃለች። ሠራተኛው «ተመልክተናል» ብሎ ይመልስላታል፤ የልጁ ድርሻ ግን ከክፍያው አይቀነስም። እርሷም ገንዘቡ ሲመጣ «መንግሥት አስቦ ነው» ብላ ኪራይ ትከፍላለች፣ አስቤዛ ትሸምታለች። ከ11 ወር በኋላ 3,080 ፓውንድ ዕዳ አለብሽ የሚል ደብዳቤ ይደርሳታል። ገንዘቡ ተበልቷል። የተበላው ግን በስርቆት አይደለም፤ ነግራ፣ ጠይቃ፣ መልስ አግኝታ ነው።

ይህች ሴት ለብቻዋ ለሆነች ከ25 ዓመት በላይ ሰው በ2025 የተወሰነውን 400.14 ፓውንድ መነሻ ክፍያ ታገኛለች እንበል። ከዚህ ላይ ለዕዳ ሊቀነስ የሚችለው ጣሪያ እ.ኤ.አ. እስከ ኤፕሪል 2025 መጨረሻ 25 ከመቶ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ በአብዛኛው 15 ከመቶ ሆኗል። 15 ከመቶው በወር 60 ፓውንድ ገደማ ነው። 3,080 ፓውንድ በዚህ መጠን ሲከፈል ከአራት ዓመት በላይ ይፈጃል። አንድ ሠራተኛ አንድ ቁልፍ ባለመንካቱ አንድ ቤተሰብ አራት ዓመት ይቀነስበታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባል። ማታለል አለ፤ ሰው እያወቀ ሐሰት ሲናገር ወይም ሲደብቅ። የተቀባዩ ስሕተት አለ፤ ሰው ማስታወቅ የሚገባውን ሳያስታውቅ ሲቀር ወይም ቅጹን አሳስቶ ሲሞላ። ሦስተኛው የመሥሪያ ቤት ስሕተት ነው፤ ተቀባዩ የሚጠበቅበትን አድርጎ ሳለ ከፋዩ ሲሳሳት። የመጡት ደብዳቤዎች ሦስቱንም በአንድ ቃል «ትርፍ ክፍያ» ይሏቸዋል። እንግሊዝኛ በደንብ የማያነብ ሰው ያንን ሲሰማ «ሌባ ተብያለሁ» ብሎ ይደነግጣል። ስለዚህ ደብዳቤውን የሚያነብለት ሰው የመጀመሪያ ተግባሩ ልዩነቱን ማስረዳት ነው። በደብዳቤው ላይ 50 ፓውንድ ቅጣት ተጨምሮ ከሆነ በተለይ ማየት ያስፈልጋል፤ ይህ ቅጣት በቸልተኝነት የተሳሳተ ተቀባይን የሚመለከት እንጂ መሥሪያ ቤቱ ለተሳሳተበት የሚጣል አይደለም።

የሕጉን ታሪክ በጥቂቱ ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የዛሬው መብት ከየትኛው ክፍያ ላይ እንዳለ የሚወስነው ይኸው ታሪክ ነው። በብሪታንያ የ1992 የማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ሕግ እንደሚለው፣ ትርፍ ክፍያ ሊመለስ የሚችለው ተቀባዩ አሳስቶ ሲናገር ወይም መናገር የሚገባውን ሳይናገር ሲቀር ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ራሱ ከተሳሳተ ገንዘቡ አይመለስም። ይሁን እንጂ የሥራና የጡረታ ሚኒስቴር በልማዳዊው ሕግ መሠረት አሁንም መጠየቅ እንችላለን ብሎ በራሱ ስሕተት ትርፍ ለከፈላቸው ሰዎች ደብዳቤ መላክ ጀመረ። ስለ ሕፃናት ድህነት የሚሟገት ቻይልድ ፖቨርቲ አክሽን ግሩፕ የተባለ ድርጅት ሚኒስቴሩን ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 8 ቀን 2010 ሚኒስቴሩ እንዲህ ያለ ሥልጣን እንደሌለው ወሰነ።

ከአገራችን ሽማግሌዎች ብዙዎቹ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚል አስተሳሰብ ያደጉ ናቸው። መንግሥት ዕዳ አለብህ ካለ አለብህ ማለት ነው ብለው ይቀበላሉ። ይህን ፍርድ የማነሣው ስለዚህ ነው። ሚኒስቴር ተከስሶ፣ ተከራክሮ፣ ተረትቷል።

ድሉ ግን ሙሉ ሆኖ አልቆየም። በ2012 የወጣው የድጎማ ማሻሻያ ሕግ ደንቡን ገለበጠው። ለዩኒቨርሳል ክሬዲትና ከርሱ ጋር ለተዘረጉት ለአዲሶቹ የሥራ አጥነትና የሕመም ክፍያዎች፣ ትርፉ የመጣው ከየትም ይሁን ከየት፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ተሳስቶም ቢሆን፣ እንዲመለስ መጠየቅ ይቻላል ተባለ። ሕጉ በምክር ቤት ሲመረመር የወቅቱ የሥራ ስምሪት ሚኒስትር ክሪስ ግሬይሊንግ፣ መንግሥት የራሱን ስሕተት በብዙ ጉዳዮች ላይ የማስመለስ ሐሳብ የለውም ብለው ነበር። ሐሳብና ሕግ ግን አንድ አይደሉም፤ ሚኒስትር ያልፋል፣ የተጻፈው ይቀራል። በተግባር የታየውም ማስመለሱ የተለመደ፣ መተዉ ግን ጥቂት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «የየትኛው ክፍያ ነው?» የሚል መሆን አለበት። የአረጋውያን ድጋፍ የሆነው ፔንሽን ክሬዲት፣ የአካል ጉዳተኞች ክፍያዎችና ሰው ለሚያስታምሙ የሚሰጠው ኬረርስ አላወንስ እስከ አሁን በአሮጌው ደንብ ሥር ናቸው። አንድ አረጋዊ አባት የፔንሽን ክሬዲት ትርፍ ተከፍሏቸው ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ ብቻ ከሆነ፣ ሕጉ የሚቆመው ከርሳቸው ጋር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በቅንነት «ይክፈሉ አባታችን፣ ይገላገሉ» ቢላቸው የማይገባ ዕዳ አሸከማቸው ማለት ነው።

የቤት ኪራይ ድጎማ የሆነው ሃውዚንግ ቤኔፊት ደግሞ የራሱ ደንብ አለው፤ የሚከፍለውም ካውንስሉ ነው። በ2006ቱ ደንብ መሠረት፣ በመሥሪያ ቤት ስሕተት የመጣ ትርፍ የማይመለሰው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። ተቀባዩ ለስሕተቱ ምክንያት አለመሆኑ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ገንዘቡን ወይም ስለ ገንዘቡ የተጻፈውን ማስታወቂያ በተቀበለበት ጊዜ ትርፍ መሆኑን ያውቃል ተብሎ የማይጠበቅ መሆኑ ነው። በዚህ ሁለተኛ ነጥብ ላይ ልቆይ፤ ለእኛ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና። የሚጠየቀው አንድ የተማረ እንግሊዛዊ ምን ይገነዘብ ነበር ተብሎ አይደለም፤ ይህ ሰው በዕድሜው፣ በጤናው፣ በቋንቋው፣ በነበረው መረጃ ምን ሊገነዘብ ይችል ነበር ተብሎ ነው። ባለ ስድስት ገጽ የሒሳብ ዝርዝር በእንግሊዝኛ የደረሳቸው፣ ፊደል በቤተ ክህነት ብቻ የቆጠሩ እናት በእያንዳንዱ መስመር የተጻፈውን ያውቁ ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ይህን ይግባኝ ሰሚው በራሱ አይገምትም፤ መጻፍና ማስረዳት ያስፈልጋል። በአንጻሩ ክፍያው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሆኖ ሲመጣ ዝም ያለ ሰው ይህ መከላከያ እንደማይበጀው ልንደብቀው አይገባም።

የኬረርስ አላወንስ ነገር ደግሞ ለብቻው የሚነገር ነው። በ2024 ሳምንታዊው ክፍያ 81.90 ፓውንድ ነበረ፤ ተቀባዩ በሳምንት ከ151 ፓውንድ በላይ ካገኘ ግን ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። ቀስ በቀስ አይቀንስም። አንድ ፓውንድ ትርፍ ያገኘ ሰው የሳምንቱን 81.90 ያጣል፤ ዓመቱን ሙሉ በሳምንት አንድ አንድ ፓውንድ ያለፈ ሰው ለ52 ፓውንድ ሲል 4,258.80 ፓውንድ ባለዕዳ ይሆናል። ሚኒስቴሩ የደመወዙን መረጃ ከግብር መሥሪያ ቤቱ እየተቀበለ በጊዜው ሳይመረምር ስለሚያቆየው ዕዳው ለዓመታት ሲከማች ኖሯል። በሕግ ዓይን ይህ የተቀባዩ ጥፋት ይባላል፤ በኅሊና ዓይን ግን ግማሹ ጥፋት የማነው? መንግሥትም በ2024 መገባደጃ ጉዳዩን በገለልተኛ ወገን እንዲመረመር አድርጎ ሊዝ ሴይስን መርማሪ አድርጎ ሾመ። በ2025 ኤፕሪል የገቢው ጣሪያ ወደ 196 ፓውንድ ከፍ ተደርጎ ነበር። አንዱን ወላጅ ወይም የታመመ ልጅ እያስታመሙ በትርፍ ሰዓት የሚሠሩ እኅቶች በየአጥቢያው አሉ፤ ደመወዛቸውን በወቅቱ ካለው ጣሪያ ጋር በየጊዜው እንዲያስተያዩ መንገር ከማንኛውም ደብዳቤ የሚቀድም ሥራ ነው።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት ከሆነስ? «ስሕተቱ የእናንተ ነው» ብሎ ይግባኝ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ሕጉ ያንን በር ዘግቶታልና። የቀሩት በሮች ግን ሦስት ናቸው፤ ሰዎች ሳይሞክሯቸው የሚያልፏቸው ስለማያውቋቸው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው፣ በእውነት ትርፍ ተከፍሏል ወይ፣ ሒሳቡስ ልክ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ማመልከት የሚገባው በአንድ ወር ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው ከተጻፈበት ዕለት እንጂ ካነበብንበት ዕለት አይደለም። ካለፈም በበቂ ምክንያት ሊራዘም ይችላል። መልሱ ካላረካ በሌላ አንድ ወር ውስጥ ነጻ ለሆነው ትሪቡናል ይግባኝ ይባላል። ሒሳቡ ስለሚሳሳት ይህን በር መናቅ አይገባም፤ መጀመሪያ የተሳሳተው ያው መሥሪያ ቤት ነው፣ ትርፉን ሲያሰላም ዳግመኛ አይሳሳትም ብሎ ማመን ምን ያህል ልክ ነው?

ሁለተኛው በር ዕዳው እንዲሰረዝ መጠየቅ ነው። ይህ ጥያቄ የሚቀርበው በይግባኝ ሳይሆን በማመልከቻ ነው፤ ሚኒስቴሩ ዕዳን የመተው ሥልጣን አለውና። ማመልከቻው ሰውየው እንዴት እንደ ቸገረው ብቻ ሊናገር አይገባም። ስሕተቱ እንዴት እንደ መጣ፣ ሰውየው መቼ እንዳስታወቀ፣ ምን ተብሎ እንደ ተመለሰለት፣ ያንንም አምኖ ምን እንዳደረገ፣ ጤናው፣ የልጆቹ ሁኔታ፣ ገቢና ወጪው በማስረጃ ሊቀመጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 በእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት የታየ አንድ ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። በመዝገቡ «ኬ» በሚል ፊደል ብቻ የተጠራች ሴት በመሥሪያ ቤቱ ስሕተት ከ8,600 ፓውንድ በላይ ትርፍ ተከፍሏት ነበር። ክፍያው ልክ መሆኑን ጠይቃለች፤ ይገባሻል ተብላለች። ሚኒስቴሩ ዕዳውን አልተውም ሲል ፍርድ ቤቱ እምቢታው ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ፈረደ። ልብ በሉ፤ ያዳናት ድህነቷ ብቻ አይደለም። መጠየቋና የተመለሰላት ነገር በጽሑፍ መገኘቱ ነው።

ሦስተኛው በር፣ ዕዳው ባይሰረዝም እንኳ ወርኃዊው ቅነሳ እንዲያንስ መጠየቅ ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለምግብና ለማሞቂያ የሚቀረው እንደማይበቃ በሒሳብ ዝርዝር ከታየ የዕዳ ክፍሉ መጠኑን ሊቀንስ ይችላል። ማመልከቻ ስላስገቡ ብቻ ቅነሳው ይቆማል ብሎ መጠበቅ ግን ልክ አይደለም፤ ይህም ለብቻው መጠየቅ አለበት።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ሕዝባችን ግን ጉዳዩን በቃል መጨረስ ይወዳል። መሥሪያ ቤት ሄዶ፣ ሰው አግኝቶ፣ አስረድቶ፣ አመስግኖ ይመለሳል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ውይይት መደረጉን የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። ስለዚህ ማንኛውም ለውጥ፣ የልጅ ከቤት መውጣት፣ የደመወዝ መጨመር፣ የቤት መቀየር፣ በጽሑፍ ይነገር፤ የጆርናሉ ገጽ በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ቀኑ ይያዝ። የጠፋ ማስረጃ ካለም ሰው መሥሪያ ቤቱ ስለርሱ የያዘውን መረጃ በነጻ የመጠየቅ መብት አለው፤ በመረጃ ጥበቃ ሕጉ መሠረት መልሱ በመደበኛው በአንድ ወር ውስጥ ሊሰጠው ይገባል። በስልክ የተነገረው ነገር ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚያ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በአማርኛ «እሺ» የምንለው ሁልጊዜ ተስማምተን አይደለም። ለአክብሮት፣ ሰሚ መሆናችንን ለማሳየት፣ ወሬውን ለመጨረስም «እሺ» እንላለን። የዕዳ ክፍል ሠራተኛ ስልክ ደውሎ «በወር ይህን ያህል ይከፍላሉ?» ሲል በአስተርጓሚ በኩል «እሺ» የተባለው ግን ስምምነት ሆኖ ይመዘገባል። ምእመናን «አማካሪ ሳላናግር አልመልስም፣ በጽሑፍ ላኩልኝ» ማለትን ቢለምዱ ነውር የለበትም።

አሁን ወደ አጥቢያው ሥራ ልግባ። ከይሉኝታ የተነሣ ደብዳቤውን ከልጆቻቸው የሚደብቁ አሉ፤ ከዕቁብ ተበድረው በአንድ ጊዜ የሚከፍሉ አሉ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አስቀምጠው የሚያስተረጉሙ አሉ። ሦስቱም ጉዳት አለባቸው፤ በተለይም ሕፃን የወላጁን ዕዳ እንዲያነብ ማድረግ ከባድ ሸክም ነው። ሰበካ ጉባኤው አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ምስጢር ጠባቂ የሆኑ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ ሰዎች ቢመድብ መልካም ነው። ሥራቸው ጠበቃ መሆን አይደለም። ደብዳቤውን በትክክል መተርጎም፣ ቀነ ገደቡን መዝግቦ ማስታወስ፣ ሰውየውን ሲትዝንስ አድቫይስን ወደ መሰለ ነጻ የምክር ማእከል ወይም ወደ ካውንስሉ የድጎማ አማካሪ ማድረስ ነው። የፓርላማ ተወካይ ጽሕፈት ቤትም ለመራጩ ሕዝብ እንዲህ ላለ ጉዳይ ደብዳቤ ይጽፋል። የንስሐ አባት የሰሙትን ወደ ኮሚቴው ከማምጣታቸው በፊት የባለጉዳዩን ፈቃድ መጠየቅ እንዳለባቸው ለካህናት መንገር አያስፈልገኝም፤ ኮሚቴው ግን ይህን ሊያስታውስ ይገባል።

ስለ ገንዘብ መሰብሰብም አስተያየቴን ልናገር። አንድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ዕዳ ሲመጣበት ወዲያው ጉባኤ ቆሞ መዋጮ ማድረግ የደግነት ሥራ ነው። እኔ ግን ዕዳው ሳይመረመር እንዲህ መደረጉን አልደግፍም። የአጥቢያው ሳንቲም የማይገባ ዕዳ ለመክፈል ከዋለ የረዳነው ቤተሰቡን ሳይሆን የተሳሳተውን መሥሪያ ቤት ነው። መዋጮው ቅነሳው ባለበት ወር ለምግብና ለኪራይ ቢሆን ይሻላል።

ችግሩ የብሪታንያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ትርፍ ከፍያለሁ ሲል ከወርኃዊው ጡረታ ላይ ይቀንሳል። የቅነሳውም መጠን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተለዋውጧል፤ በ2024 ወደ 10 ከመቶ ዝቅ ተደርጎ ነበረ፣ በ2025 መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ እንዲሆን ተወስኖ ብዙም ሳይቆይ 50 ከመቶ ሆነ። እዚያ የሚኖሩ ምእመናን ሁለት መንገድ አላቸው። ዕዳው ልክ አይደለም የሚል በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔው እንዲታይለት ያመለክታል። ዕዳው ልክ ቢሆንም ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ለመክፈልም አልችልም የሚል ደግሞ ዕዳው እንዲቀርለት ይጠይቃል፤ ለዚህኛው ቀነ ገደብ የለውም፣ ቅጹም ቁጥር 632 ነው። በአውስትራሊያ ከ2015 ጀምሮ የተዘረጋ አሠራር የሰዎችን የዓመት ገቢ በሁለት ሁለት ሳምንት አካፍሎ በማስላት ያልነበረ ዕዳ ሲጭን ኖረ፤ በ2020 መንግሥት 721 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር እንደሚመልስ አስታወቀ፣ በካትሪን ሆምስ የተመራው የንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽንም በ2023 ከባድ ወቀሳ አሳተመ። በኔዘርላንድም የሕፃናት መዋያ ድጎማ የተቀበሉ ብዙ ወላጆች፣ ከመካከላቸው ብዙዎቹ የስደተኛ ቤተሰቦች፣ በሐሰት አጭበርባሪ ተብለው በዕዳ ከተንገላቱ በኋላ የጠቅላይ ሚኒስትር ሩተ መንግሥት በጃንዋሪ 2021 ሥልጣኑን ለቀቀ። እነዚህን የማነሣው የውጭውን መንግሥት ለመውቀስ አይደለም። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ እንድናውቅ ነው።

በሌላ ወገን የሚነሣ ክርክር አለ፤ ሳልመልሰው ማለፍ አልፈልግም። «ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ ያልተገባውን የወሰደ ቢመልስ ምን ይጎዳል? ለሌላው ድሃ ይሆን ነበር» ይባላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሀብት ላለው ሰው በእርግጥ መመለሱ ይገባል። ነገር ግን የድጋፍ ክፍያ የሚሰጠው ከእጅ ወደ አፍ ለሚኖር ሰው ነው፤ የተሰጠው በዚያው ወር ያልቃል፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚቀነሰው ደግሞ ከመኖሪያው ወለል በታች ነው። ስሕተቱን ማስቀረት የሚችለው መሥሪያ ቤቱ ሆኖ ሳለ ዋጋውን ሁልጊዜ ተቀባዩ የሚከፍል ከሆነ፣ መሥሪያ ቤቱ አሠራሩን ለማረም ምን ያነቃዋል?

ይህ ጥያቄ ነው ወደ ራሳችን መዝገብ የሚያመጣኝ። በየአጥቢያውና በየወረዳው እህል፣ ዘይት፣ ብርድ ልብስ ወይም ገንዘብ እናከፋፍላለን። መዝገብ ጸሐፊያችን አንድን ቤተሰብ አንድ ጊዜ በባል ስም፣ አንድ ጊዜ በሚስት ስም ቢጽፍና ቤተሰቡ ሁለት ድርሻ ቢወስድ ምን እናደርጋለን? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሐሳብ «በሚቀጥለው ዙር ይቀርባቸዋል» የሚል ነው። ሲሰማ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ድርሻ ያልደረሰው ጎረቤትም ይህን ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ቤተሰቡ የጠራነውን ስም ሰምቶ ወጥቶ ከሆነ፣ እህሉም ተበልቶ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ዙር ባዶ እጃቸውን ስንመልሳቸው በእኛ ስሕተት የምናስርበው እነርሱን ነው። እያወቀ ሁለት ስም ያስመዘገበ ሰው ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ ተጠርቶ በግል ይጠየቅ።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ኮሚቴዎቻችን ሥርጭት ከመጀመራቸው በፊት አንድ ደንብ ቢጽፉ ይበጃል። ስሕተቱ የኮሚቴው ከሆነና ተቀባዩ በቅንነት ወስዶ ከሆነ የሚቀጥለው ድርሻ አይነካ፤ ላልደረሰው ቤተሰብ የሚሰጠው ከመጠባበቂያው ይሁን፤ ለዚህም ከእያንዳንዱ ጭነት ጥቂት ኩንታል አስቀድሞ ይለይ። የመዝገቡ ስሕተትም የማንም ቤተሰብ ስም ሳይጠራ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ስንት ድርሻ እንደ ተዛባና ከየት እንደ ተሟላ ለሕዝቡ ይነገር። ቅሬታ ያለው ሰው በስንት ቀን ውስጥ ለማን እንደሚያመለክት በማከፋፈያው በር ላይ በጉልህ አማርኛ፣ የአካባቢው ቋንቋ ሌላ ከሆነም በዚያ ቋንቋ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ከሥርጭቱ በፊት በነበረው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቃል ይታወጅ።